8 ትሬድ ከ1 ትሬድ የሚዘገየው ለምንድን ነው? (የፊደል ቆጠራ በሲ++)

ፊደል_ቆጣሪ

ሰላም ለዚህ ቤት። 4 ጊጋባይት የሚሆን የአማርኛ ጽሑፍ በአንድ ፋይል አለ፣ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ስርዓት)። የሚፈለገው እያንዳንዱ ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ብቻ ነው። ማሽኑ ባለ 4 ኮር 8 ትሬድ ላፕቶፕ፣ 16 ጊጋ ራም፣ ሊኑክስ፣ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ በኦ2 የማፍጠኛ ደረጃ። ፋይሉ በቅድሚያ ሙሉውን ራም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ለ8 እኩል ይከፈልና እያንዳንዱ ትሬድ (ከሌሎቹ ጎን ለጎን የሚሮጥ የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) ድርሻውን እያነበበ በአንድ የጋራ ሰንጠረዥ ላይ ይደምራል። ሰንጠረዡ 384 ቤት አለው፣ በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ያለው ቦታ 384 ስለሆነ። እያንዳንዱ ቤት 8 ባይት ነው።

የተሞከረው፦

1. ተራ መደመር። ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር ድምሩ ይለያያል፣ ሁሌም ከትክክለኛው ያንሳል።
2. በእያንዳንዱ መደመር ዙሪያ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያስገባ ቁልፍ፣ ሎክ)። ከ1 ትሬድ እጅግ የባሰ ዝግተኛ።
3. ቤቶቹን ሁሉ አቶሚክ ማድረግ (መደመሩ ሌላ ትሬድ መሃሉ ሳይገባ እንዲያልቅ)። ከሚውቴክሱ ይሻላል፣ ግን አሁንም ከ1 ትሬድ ይዘገያል። ስምንቱም ትሬድ 100% ላይ ተሰቅሎ!

የባሰው ደግሞ፣ በ3ኛውም ቢሆን አጠቃላይ ድምሩ 1 ትሬድ ከሚሰጠው በ5 ፊደል ያንሳል። በሮጠ ቁጥር ያው 5። አቶሚክ ከሆነ ይኼ ከየት መጣ?

ሸማኔው

በቅደም ተከተል እንየው። የ5ቱን ነገር ግን ለብቻው ተወው፣ እሱ ሌላ በሽታ ነው የሚመስለኝ።

አንደኛው ለምን ይጎድላል? «አንድ ጨምር» ለዓይን አንድ ሥራ ቢመስልም በውስጡ ሦስት ነው፤ ማንበብ፣ መደመር፣ መልሶ መጻፍ። ሁለት ትሬድ እኩል 100ን ካነበቡ ሁለቱም 101 ይጽፋሉ፣ አንዱ ቆጠራ ጠፋ ማለት ነው። ከሲ++11 ጀምሮ ደግሞ ይኼ «አንዳንዴ ይስታል» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ዳታ ሬስ (እንዲህ ያለ ያልተቀናጀ የትሬዶች ሽሚያ) ያለበት ፕሮግራም በስታንዳርዱ ዘንድ ትርጉም የለውም። ኮምፓይለሩ ቁጥሩን ሬጂስተር (የኮሩ የራሱ ትንሽ ማስቀመጫ) ውስጥ ይዞ ሉፑ ሲያልቅ ብቻ ሊጽፈው ይችላል፣ መብቱ ነው። ቮላታይል ብትለውም አይድንም፤ ቮላታይል ለሃርድዌር ሬጂስተር እንጂ ለትሬድ አልተሠራም።

ሦስተኛው ነው ዋናው ትምህርት። ኮር ከራም በባይት አይበላም፣ በካሽ ላይን (ወደ ኮሩ ፈጣን ማስቀመጫ፣ ወደ ካሽ፣ በአንዴ የሚመጣ ጥቅል) ነው የሚበላው፤ በኢንቴልና በኤኤምዲ አንድ ላይን 64 ባይት ነው። አንድ ኮር አንድ ቤት ላይ ለመጻፍ ያ ላይን በእርሱ እጅ ብቻ መሆን አለበት፣ በሌሎቹ ኮሮች ካሽ ያለው ቅጂ ይሰረዛል። የአንተ ሰንጠረዥ 384 × 8 = 3072 ባይት፣ ማለትም 48 ላይን ነው። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ጽሑፉ ደጋግሞ የሚነካቸው ጥቂቶቹን ነው፤ ን፣ ት፣ የ፣ በ፣ አ የሚውሉባቸውን። ስለዚህ አራቱም ኮር እነዚያኑ ጥቂት ላይኖች እየተነጣጠቁ ይውላሉ። በራሱ ካሽ ውስጥ ባለ ቁጥር ላይ መደመር በናኖ ሰከንድ ደረጃ የሚያልቅ ሲሆን፣ ላይኑን ከሌላ ኮር ማምጣት በአሥር ናኖ ሰከንዶች ይቆጠራል። 100% የምታየው የወረፋ 100% ነው። ኮር ካሽ ላይን ሲጠብቅ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እንደ ሥራ ይቆጥርለታል።

የእድር መዋጮ እንዴት እንደሚሰበሰብ አስብ። ስምንት ሰብሳቢ ልከህ አንድ መዝገብ ብትሰጣቸው መዝገቡን ሲቀባበሉ ይመሻል። ለየአንዳንዳቸው ወረቀት ስጥና ማታ አንዴ ይደመር።

በኮድ ሲሆን፦ እያንዳንዱ ትሬድ በራሱ ፈንክሽን ውስጥ ባለ 384 ቤት ተራ ሰንጠረዥ (አቶሚክ ያልሆነ፣ በዜሮ የተሞላ) ያውጅ፤ ሉፑን በእርሱ ላይ ይጨርስ፤ ሲያበቃ አንድ ጊዜ ብቻ ሚውቴክስ ይዞ 384ቱን ወደ ዋናው ይደምር። 3072 ባይት 32 ኪሎባይት ኤል1 (ለኮሩ በጣም የቀረበው) ካሽ ውስጥ ተዝናንቶ ይቀመጣል። ሎኩ የሚያዘው በድምሩ 8 ጊዜ ነው፣ በቢሊዮን አይደለም።

ጣና_ዳር

ይኼ ሁሉ ለውጥ ምን ያደርጋል? አቶሚኩ ላይ የሜሞሪ ኦርደሩን (ትሬዶች የሌላውን ጽሕፈት የሚያዩበትን የቅደም ተከተል ደንብ) ሪላክስድ፣ ማለትም ላላ፣ ቢያደርገው ይበቃዋል። ዲፎልቱ ጥብቁ ስለሆነ ነው የሚንቀራፈፈው።

ሸማኔው

አይበቃውም። በኤክስ86 (በኢንቴልና በኤኤምዲ) ላይ አቶሚክ መደመር ሪላክስድም ሆነ ጥብቁ፣ ኮምፓይለሩ የሚያወጣው ያንኑ ሎክ ያለበት የማሽን ትእዛዝ ነው። አሴምብሊውን አውጥተህ ሁለቱን ጎን ለጎን እይ። በኤአርኤም ላይ ልዩነት አለ፣ እዚያም ቢሆን የላይኑ ንጥቂያ አይቀርም። ሪላክስድ ለቆጣሪ ትክክለኛው ምርጫ መሆኑን አልክድም፤ የዚህን በሽታ መድኃኒት ግን አይደለም።

ጽጌ_ኮድ

የ5ቱን ፊደል ምስጢር እኔ ልንገርህ። የቆረጥከው በባይት ነው፣ ፊደሉ ግን 3 ባይት ነው።

በዩቲኤፍ-8 የግእዝ ፊደላት ዋናው ክፍል ከሀ ጀምሮ ሁሉም 3 ባይት ይወስዳል። የመጀመሪያው ባይት ሁሌም 225 ነው፤ ሁለተኛው ከ136 እስከ 141፣ ሦስተኛው ከ128 እስከ 191። ሀ ማለት 225፣ 136፣ 128 ነው፤ አ ደግሞ 225፣ 138፣ 160። ፋይሉን ለ8 ስትከፍል 7 የመቁረጫ ቦታ ይኖርሃል። ቁርጡ ፊደል መሃል ላይ ካረፈ የፊተኛው ትሬድ ጎዶሎ ፊደል አይቶ ይጥለዋል፣ የኋለኛው ደግሞ ጭራውን አይቶ ይጥለዋል። ከ3 ቁርጥ 2ቱ መሃል ላይ የማረፍ ዕድል ስላለው፣ ከ7 ወደ 5 ገደማ መጥፋቱ የሚጠበቅ ነው። ቁርጡ ሁሌም አንድ ቦታ ስለሆነ ነው ቁጥሩ የማይለዋወጠው። ዳታ ሬስ ቢሆን ኖሮ በሮጠ ቁጥር ይለያይ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው፦

የእያንዳንዱን ቁራጭ መነሻ በባይት ካሰላህ በኋላ፣ እዚያ ያለው ባይት ከ128 እስከ 191 ከሆነ አንድ ወደፊት ሂድ፣ እንደገና እይ። እነዚህ ቁጥሮች ለጭራ ባይት ብቻ የተተዉ ስለሆኑ ከ3 እርምጃ በላይ አትሄድም፣ ባለ 4 ባይት ፊደል እንኳ ቢመጣ። የአንዱ ቁራጭ መጨረሻ ደግሞ የሚቀጥለው መነሻ ይሁን፣ ለብቻው አታስላው። ሁለቱን በተለያየ ቀመር ካሰላህ ወይ ይጎድላል ወይ ይደገማል። የመጨረሻው ቁራጭ የፋይሉን ልክ እንዳያልፍ ተጠንቀቅ።

የቤቱ ቁጥር፦ (ሁለተኛው ባይት − 136) × 64 + (ሦስተኛው ባይት − 128)። ለአ ሲሠራ 2 × 64 + 32 = 160። ሁለተኛው ባይት ከ136 እስከ 141 መሆኑን ሳታረጋግጥ እንዳትጠቀመው፣ በ225 የሚጀምሩ የሌላ ቋንቋ ፊደላትም አሉ፤ ከሰንጠረዡ ውጭ ትጽፋለህ።

የፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 ካገኘህ የባይት ቅደም ተከተል ምልክት ነው፣ ዝለለው።

ፊደል_ቆጣሪ

እህቴ ተባረኪ፣ 5ቱ ተገኙ። የሸማኔውም ምክር ሠርቷል፤ አሁን ከ1 ትሬድ በግልጽ ይፈጥናል፣ ድምሩም ከ1 ትሬዱ ጋር እኩል ነው።

ግን አንድ ነገር ጨምሬ አበላሸሁት። ሥራው የት እንደደረሰ ለማሳየት ባለ 8 ቤት ሰንጠረዥ አለ፣ ለእያንዳንዱ ትሬድ አንድ ቤት፣ ሪላክስድ አቶሚክ። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቤት ብቻ ነው የሚነካው፣ ማንም የማንንም አይጽፍም። ፊደል ባነበበ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ይኼን ስጨምር ፍጥነቱ ተመልሶ ወደቀ። የጋራ ነገር የለም እኮ!

ሸማኔው

አለ። 8 ቤት × 8 ባይት = 64 ባይት፤ አንድ ካሽ ላይን ነው፣ ወይም ቢበዛ ሁለት። ስምንቱም ትሬድ የየራሱን ቤት ቢነካም ሃርድዌሩ የሚያየው ላይኑን ነው። ፎልስ ሼሪንግ የሚሉት ይኼው ነው። ኮዱ ላይ አይታይም፣ ድምሩ ትክክል ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ ይሞታል።

የመድኃኒቱ ደረጃ፣ ከተሻለው ልጀምር፦

ሀ) ሉፑ ውስጥ የትሬዱን ተራ ተለዋዋጭ ቁጠር፣ ወደ ጋራው ቤት በየ1 ሚሊዮን ፊደሉ አንዴ ጻፍ። ለሰው ዓይን ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

ለ) ቤቶቹን አራርቅ። አላይንአስ 64 ያለበት ስትራክት ሥራ፣ እያንዳንዱ ቤት ሙሉ ላይን ይይዛል። የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ጎረቤት ላይንን ጥንድ ጥንድ አድርገው ቀድመው የሚያመጡበት ጊዜ ስላለ ብዙ ሰው 128 ይጠቀማል፤ በአፕል ኤም ቺፖች ላይ ላይኑ ራሱ 128 ነው። ሲ++17 ለዚህ የተዘጋጀ ቋሚ ቁጥር አለው፣ ጂሲሲ ከ12 ጀምሮ ይሰጠዋል፣ ግን ቁጥሩ በኮምፓይለር ምርጫ ሊለወጥ ይችላል ብሎ ያስጠነቅቅሃል። እኔ ብሆን 128 ብዬ በእጄ እጽፍ ነበር።

ሰው «የእኔስ ችግር ይኼ መሆኑን በምን አውቃለሁ» ካለ፣ በሊኑክስ ላይ ፐርፍ የሚባለው መሣሪያ ሲ2ሲ የሚል ንዑስ ትእዛዝ አለው፤ መጀመሪያ ሪኮርድ፣ ቀጥሎ ሪፖርት። «ሂት ኤም» የሚለው ዓምድ ከፍ ያለበትን ላይን ተመልከት፤ በየትኛው ኦፍሴት የትኛው ትሬድ እንደጻፈ ይዘረዝርልሃል። ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሃርድዌር ቆጣሪው ስለማይገኝ ባዶ ሪፖርት ያወጣል።

ምንጭ_ኮድ

በዚህ አጋጣሚ፦ የቡል ቬክተርን ለየትሬዱ «ጨርሻለሁ» ምልክት አድርጋችሁ አትጠቀሙ። እሱ 8 ምልክት አንድ ባይት ውስጥ ስለሚያጭቅ ሁለት ትሬድ «የተለያየ» ቤት ቢጽፉም እውነተኛ ዳታ ሬስ ነው፣ ፎልስ ሼሪንግ ብቻ አይደለም። የካራክተር ቬክተር ተጠቀሙ።

ባለ_ኦፕን_ኤምፒ

ይኼን ሁሉ በእጅ ከመፈተል ኦፕንኤምፒ (ሉፕን ለትሬዶች በኮምፓይለሩ በኩል የሚያካፍል ስታንዳርድ) አለ እኮ። ከሉፑ በላይ አንድ የፕራግማ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ መመሪያ) መስመር፦ ፓራለል ፎር፣ ሪዳክሽን በመደመር፣ በሰንጠረዡ ላይ ከ0 ጀምሮ 384 ቤት። ለየትሬዱ ቅጂ ማውጣትን፣ በዜሮ መሙላትን፣ መጨረሻ መደመርን ራሱ ይሠራል። በሰንጠረዥ ላይ ሪዳክሽን ለሲና ሲ++ የመጣው በ4.5 እትም፣ በ2015 ነው፤ ኮምፓይለሩ የቆየ ከሆነ አይቀበልም።

ሰው የሚወድቅባቸው፦

የኮምፓይለሩን የኦፕንኤምፒ ምርጫ መርሳት። ፕራግማው በዝምታ ይታለፋል፣ ፕሮግራሙ ትክክለኛ መልስ ይሰጣል፣ በ1 ትሬድ። «ኦፕንኤምፒ ምንም አልፈጠነልኝም» ከሚሉት ውስጥ ስንቱ ይኼን እንደረሳ እግዜር ይቁጠረው።

ሰንጠረዡ ትልቅ ሲሆን። የሪዳክሽኑ ቅጂ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በየትሬዱ ስታክ (የትሬዱ መጠኑ የተወሰነ የግል ራም) ላይ ነው። 3 ኪሎባይት ምንም አይደለም፤ በ10 ሚሊዮን ቤት ግን ሴግሜንቴሽን ፎልት ይመጣል። ወይ የኦፕንኤምፒን የስታክ መጠን በኢንቫይሮመንት ተለዋዋጩ አሳድግ፣ ወይ ቅጂውን ራስህ ከሂፕ (ከፕሮግራሙ የጋራ ራም) ውሰድ።

ኤክሴፕሽን። ከፓራለሉ ክፍል ውስጥ የተወረወረ እዚያው፣ በዚያው ትሬድ መያዝ አለበት። ካልተያዘ ፕሮግራሙ ይሞታል።

ስኬጁል። ስታቲክ ሥራውን በቅድሚያ እኩል ያካፍላል፤ ዳይናሚክ ያለቀለት ትሬድ ቀጣዩን እየወሰደ ይሄዳል። ለዚህ ሥራ ሉፑን በፊደል አታዙር፣ በ1 ሜጋባይት ብሎክ አዙረው፤ 4 ጊጋ ማለት 4096 ብሎክ ነው። ዳይናሚክ ብታደርገው የጋራው ቆጣሪ የሚነካው 4096 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፣ ማንም አይሰማውም። በየፊደሉ ቢሆን ከቢሊዮን በላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራህ በሌላ ልብስ ተመልሶ ይመጣል።

ጣና_ዳር

በስታቲክ እኩል ከተካፈለ ለምን ዳይናሚክ? ፊደል ሁሉ እኩል ሥራ ነው።

ባለ_ኦፕን_ኤምፒ

ሥራው እኩል ነው፣ ኮሮቹ ግን እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ከ12ኛው ትውልድ (2021) ወዲህ ብዙዎቹ የኢንቴል የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ጠንካራና ቆጣቢ ኮር ቀላቅለው ነው የሚመጡት። እኩል ብታካፍላቸው ጠንካራው ጨርሶ እጁን አጣጥፎ ቆጣቢውን ይጠብቃል። ጎን ለጎን ብሮውዘር የከፈተ ሰው ማሽንም ያው ነው።

ደግሞም ጠያቂው ያለው 4 ኮር 8 ትሬድ ነው። ሲ++ «ስንት ትሬድ ይደግፋል» ተብሎ ሲጠየቅ 8 ይመልሳል፣ ያ የሎጂካል ቁጥር ነው። ሁለት ትሬድ አንድ ኮር ላይ ኤል1ንም የሂሳብ ክፍሉንም ይጋራሉ። ከ4 ወደ 8 ሲሄድ እጥፍ አትጠብቅ፤ ጥቂት ከጨመረ ደስ ይበልህ። በ1፣ 2፣ 4፣ 8 ለካና ኩርባውን እይ። ለልኬቱ ትሬዶቹን ከኮር ጋር እሰራቸው (በኦፕንኤምፒ ምርጫዎች፦ ፕሌስስ ኮርስ፣ ፕሮክ ባይንድ ክሎዝ)፣ አለዚያ ሁለቱ አንድ ኮር ላይ ተደርበው «2 ትሬድ አልፈጠነም» ትላለህ። ላፕቶፕ ሲግል ደግሞ ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ ያደርጋል፤ ቻርጀር ላይ ሰክተህ፣ 5 ጊዜ አስሩጠህ መካከለኛውን ውሰድ።

ሸማኔው

አንድ ያልተነሳ ነገር፦ ሰዓቱ የሚለካው ከየት እስከ የት ነው? ፋይሉን ማንበብም አብሮ ከተቆጠረ የምታሯሩጠው ዲስኩን ነው። ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት አካባቢ ነው ጣሪያው፤ 4 ጊጋ ለማንበብ ከ7 ሰከንድ በላይ ይፈጃል፣ 100 ኮር ቢኖርህም። ሁለተኛ ስታሯሩጠው ደግሞ ፋይሉ የሊኑክስ ፔጅ ካሽ (የተነበበ ፋይል የሚቆይበት ራም) ውስጥ ስላለ በድንገት ይፈጥናል፣ አንተ ኮዱ የተሻሻለ ይመስልሃል። ንባብና ቆጠራን ለየብቻ ለካ።

የአምዳልን ሂሳብም አትርሳ። ከጠቅላላው ጊዜ 90 በመቶው ብቻ የሚከፋፈል ከሆነ በ8 ኮር የምታገኘው 1 ÷ (0.1 + 0.9 ÷ 8) = 4.7 እጥፍ ነው። 8 አይደለም።

ንባቡ ከበዛ ሁሉን አንብቦ ከመቁጠር ይልቅ ማደራረብ ነው፤ አንድ ትሬድ 8 ሜጋባይት ብሎክ እያነበበ ወረፋ ውስጥ ይከታል፣ ሌሎቹ እያወጡ ይቆጥራሉ። ለወረፋው ጣሪያ አብጅለት፣ 16 ብሎክ ይበቃል፤ አለዚያ አንባቢው ቀድሞ ራሙን ይሞላዋል። ኮንዲሽን ቫሪያብል (ትሬድን አስተኝቶ የሚቀሰቅስ መሣሪያ) ስትጠቀም «ባዶ ነው ወይ» የሚለውን ፈተና በዋይል ውስጥ አድርግ፣ በኢፍ አይደለም፤ ያለ ምክንያት መንቃት የሚባል ነገር በስታንዳርዱ የተፈቀደ ነው። «አልቋል» የሚለውንም ምልክት ሚውቴክሱን ይዘህ ቀይር፣ ከዚያ ሁሉንም ቀስቅስ። አንዱን ብቻ ከቀሰቀስህ የቀሩት ለዘላለም ይተኛሉ፣ ፕሮግራሙም አይዘጋም።

ምንጭ_ኮድ

ዊንዶውስ ላይ ላላችሁ፦ ከቪዥዋል ስቱዲዮ 2010 ጀምሮ ፒፒኤል (የማይክሮሶፍት የፓራለል ላይብረሪ) አለ። ኮምባይነብል የሚባለው ክላስ በትክክል የሸማኔው የእድር ወረቀት ነው፤ ለየትሬዱ ሎካል ይሰጣል፣ መጨረሻ ላይ ኮምባይን። ቲቢቢም (የኢንቴል የፓራለል ላይብረሪ) ያው ክላስ በያው ስም አለው፣ እሱ ሊኑክስም ላይ ይሠራል፤ አዲስ ለሚጀምር ቲቢቢን እመርጣለሁ። የሲ++17 ፓራለል አልጎሪዝሞች በጂሲሲ ላይ ከሥራቸው ቲቢቢን ነው የሚጠሩት፣ ስለዚህ ሊንክ ሲደረግ ካልተጨመረ ስህተት ይመጣል። ከእነርሱ ውስጥ ፓር አንሲክዌንስድ በሚለው ውስጥ ሎክ እንዳትይዙ።

በጥሬ ስታንዳርድ ትሬድ ለምትሠሩ፦ ጆይን (እስኪጨርስ መጠበቅ) ሳይደረግለት የፈረሰ ትሬድ ፕሮግራሙን ይገድለዋል። መሃል ላይ ኤክሴፕሽን ከተነሳ ጆይኑ ይዘለላል። ሲ++20 ካላችሁ ጄትሬድን (ሲፈርስ ራሱ ጆይን የሚያደርገውን) ተጠቀሙና ተገላገሉ።

ጽጌ_ኮድ

ከመጨረስህ በፊት በትሬድ ሳኒታይዘር (ዳታ ሬስን እየፈለገ በሚያጋልጥ መሣሪያ) አሩጠው። በጂሲሲም በክላንግም የሳኒታይዝ ምርጫው ትሬድ ይባላል፤ የዲበግ መረጃውንም ጨምር፣ መስመር ቁጥር እንዲሰጥህ። ፕሮግራሙ ከ5 እስከ 15 እጥፍ ይዘገያል፣ ራሙም ከ5 እስከ 10 እጥፍ ይበላል። ስለዚህ በ16 ጊጋ ማሽን 4 ጊጋውን ፋይል አትስጠው፣ 50 ሜጋ ቆርጠህ ስጠው። የሚይዘው በዚያ ሩጫ የተፈጸመውን መንገድ ብቻ ነው፤ ያልተሮጠ ኮድ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በጂሲሲ ኦፕንኤምፒ ላይ ደግሞ የሌለ ስህተት ይጮኻል፣ የኦፕንኤምፒው ላይብረሪ ራሱ ለሳኒታይዘሩ ስላልተዘጋጀ።

ለቁርጡም ፈተና አብጅለት፦ ያንኑ ትንሽ ፋይል በ1፣ 2፣ 3፣ 7 እና 13 ትሬድ ቁጠር፣ 384ቱም ቤት አንድ መሆን አለበት። 2፣ 4፣ 8 ብቻ ከሞከርክ ቁርጦቹ አንዳቸው ባንዳቸው ላይ ያርፋሉ፣ ብዙ ስህተት ይሸሸጋል።

ፊደል_ቆጣሪ

በ13 ሲሮጥ አንድ ስህተት ያዘ! የመጨረሻው ቁራጭ ከፋይሉ 2 ባይት አልፎ ያነብ ነበር። ተስተካክሏል። የሂደት ማሳያውም በየ1 ሚሊዮኑ ሆነ፣ ፍጥነቱ ተመለሰ። ከ4 ወደ 8 ትሬድ እንደተባለው ጥቂት ነው የጨመረው።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ሰ፣ ሠ እንደ አንድ ፊደል እንዲቆጠሩ ከተፈለገ ማመሳሰሉን ሉፑ ውስጥ በኢፍ ላስገባው ወይስ በመቀየሪያ ሰንጠረዥ?

ጽጌ_ኮድ

ሉፑ ውስጥ በየትኛውም አታስገባው። ሁሉንም ለየብቻው ቁጠርና፣ ትሬዶቹ ከተደመሩ በኋላ በ384ቱ ቤት ላይ አንዴ አዋህድ። ከቢሊዮን ጊዜ ይልቅ 384 ጊዜ ይሠራል፣ ያልተዋሐደውም ቁጥር በእጅህ ይቀራል። ስታዋህድ ግን የቤቱን ረድፍ ብቻ ሳይሆን ድምፁንም እይ፤ ሀ እና ሃ በአማርኛ አንድ ዓይነት ነው የሚነበቡት፣ አ እና ኣም እንደዚሁ፣ ለ እና ላ ግን አይደሉም።